አሥራ ዘጠነኛዋ ሰሌዳ

ባቡሩ ጎተት አድርጎን ሲነሳ መጀመሪያ የያዝኩት ሳጥኑን ነው። አጠገቤ የተቀመጠች አንዲት ሴትዮ፣ ልጅ ነው እንዴ እንዲህ ያቀፍከው ብላ ሳቀችብኝ። ልጅ ቢሆን በተሻለኝ ነበር። ልጅ ቢወድቅ አልቅሶ ይነሳል፤ መስታወት ግን ከወደቀ ወደቀ ነው።

በሳጥኑ ውስጥ ሃያ አራት የመስታወት ሰሌዳዎች በጥጥ ጨርቅ ተጠቅልለው ጎን ለጎን ቆመዋል። በእያንዳንዱ ሰሌዳ ላይ በማጉያ መነጽር የተነሳ ፎቶ ታትሟል፤ ከምስል ፋኖስ ፊት ሲያስቀምጡት ግድግዳ የሚያክል ሆኖ ይታያል። ሃያ አንድ ዓመት የፈጀ ሥራ ነው። የእኔ ሥራ እንዳይመስላችሁ፤ አብሬያት የምጓዘው የተመራማሪዋ ነው። የእኔ ድርሻ መስታወቱን መቁረጥ፣ ምስሉን ማተምና ጠርዙ ላይ በአልማዝ ጫፍ ቁጥሩንና ቀኑን መጻፍ ነበር። በዚህ ምክንያት በምርምር ጣቢያው ውስጥ ሁሉም "ጋሽ መስታወት" ይለኛል። እናቴ ያወጣችልኝን ስም እኔም ልረሳው ምንም አልቀረኝ።

እሷ ፊት ለፊቴ በመስኮቱ በኩል ተቀምጣ የምታደርገውን ንግግር ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ታጠናለች። ተማሪዎቹ በሌለችበት "እሜቴ ዋግ" ነው የሚሏት። ዋግ ማለት ያ ስንዴውን ቀይ ዝገት አልብሶ ፍሬውን ባዶ የሚያስቀረው በሽታ ነው፤ ዕድሜዋን የጨረሰችው እሱን ስታሳድድ ነው። አርባ ሦስት ዓመቷ ነበር። ባል የላት፣ ልጅ የላት። ያኔ ያገባች ሴት በጣቢያው መሥራት አይፈቀድላትም ነበርና ሁለት ጊዜ ሊያገቧት ሽማግሌ የላኩ ሰዎችን እምቢ ብላለች። አንደኛውን አውቀዋለሁ፤ ደህና ሰው ነበር። እኔና ሠራተኞቹ "እትዬ" እንላታለን።

ይህ የሆነው ጦርነቱ ባለቀ በሰባተኛው ዓመት ነው። የጣቢያው አለቃ፣ ትልቁ መምህር የምንላቸው ፕሮፌሰር፣ ጡረታ ሊወጡ ነው፤ የዩኒቨርሲቲው ጉባኤም በዚያ ቀን ከሰዓት በፊት ሁለት ተወዳዳሪዎችን ሰምቶ ወንበራቸውን ለአንዱ ሊሰጥ ነው። ወንበር ስል መቀመጫ ማለቴ አይደለም። ያ ወንበር ያለው ሰው ምን እንደሚመረመር ይወስናል፣ ተማሪ ይመርጣል፣ በሠራው ሥራ ላይ የራሱን ስም ይጽፋል። ያ ወንበር የሌለው የፈለገውን ያህል ቢያውቅ ረዳት ነው፤ ረዳት ደግሞ ስም የለውም። ዩኒቨርሲቲው ከተቆረቆረ ጀምሮ ሴት ተቀምጣበት አታውቅም።

እሷ ግን የሚገባት ነበረች፤ ይህን የምለው ስለምወዳት አይደለም። ዋግ ዝናብ በሌለበት ወራት ስንዴው ታጭዶ ካለቀ በኋላ የት እንደሚደበቅ ማንም አያውቅም ነበር። በማሳ ዳር የምትበቅል አንዲት የማትረባ ሳር ውስጥ እንደሚከርም ያገኘችው እሷ ናት። ሦስት አውራጃ ሙሉ ገበሬ ያችን ሳር ነቅሎ እህሉን አተረፈ። መጽሔቶቹ ሁሉ ግን የጻፉት ትልቁ መምህር አገኙ ብለው ነው። ከጣቢያው የሚወጣ ወረቀትም ሆነ ሰሌዳ በአለቃው ስም ይውጣ የሚል የቤቱ ሕግ ነበር። እኔም በሃያ ዓመት ውስጥ በሺህ የሚቆጠር ሰሌዳ ጠርዝ ላይ የእሳቸውን ስም ጽፌአለሁ። ክፋት አልነበረውም፤ ቢያንስ ያኔ ክፋት አይመስለንም ነበር።

ለዚህ ቀን ግን ጉባኤው ተወዳዳሪዎች የራሳቸውን ሥራ በራሳቸው ስም እንዲያቀርቡ ፈቅዶ ነበር። ስለዚህ ሃያ አራቱንም ሰሌዳ እንደ አዲስ አትሜ ጠርዙ ላይ የእሷን ስም ጻፍኩበት። የመጀመሪያውን ስጨርስ ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠግታ ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ ፊደሉ ትንሽ ተንጋዷል አለችኝ። አልተንጋደደም ነበር፤ ዓይኗ እንባ ሞልቶ ነው።

አሁን ኃጢአቴን ልናገር። በመሄዳችን ዋዜማ ጠዋት፣ ሰሌዳዎቹን ስጠቀልል አሥራ ዘጠነኛዋ ከእጄ አመለጠች። የሳሯ ሰሌዳ እሷ ናት፤ የሥራው ሁሉ ልብ። እትዬ ቢሮዋ ውስጥ ንግግሯን ትጽፋለች፤ ሄጄ ሰበርኩ ማለት አፈርኩ። ስብርባሪውን በጋዜጣ ጠቅልዬ ጣልኩና እያላበኝ ሌላ አተምኩ፣ ጠርዙን አጠቆርኩ፣ ጻፍኩበት፣ ጠቀለልኩት። ሁለት ሰዓት አልፈጀብኝም። በሥራዬ ኩራት ተሰምቶኝ ነበር።

ዋና ከተማው የደረስነው ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ ነው። ጉባኤው የሚቀመጥበት አዳራሽ ጣሪያው ከፍ ያለ፣ ግድግዳው በሞቱ ፕሮፌሰሮች ሥዕል የተሞላ ነበር፤ ሁሉም ጢማሞች ናቸው። እትዬ እያየቻቸው፣ ጋሼ ለዚህ ሥራ ጢም ግዴታ መሆኑን ማን በነገረኝ ብላ አሳቀችኝ። ከዚያ ዘበኛውን ወደ ጎን ጠርታ የሴቶች መጸዳጃ የት እንደሆነ ጠየቀችው። ዘበኛው ፊቱ ቀላ። በዚያ ሕንፃ ውስጥ የሴቶች መጸዳጃ አልተሠራም። ምድር ቤት ወርዳ የጽዳት ሠራተኞቹን መጸዳጃ ተጠቀመችና ለጉባኤው እያለከለከች ደረሰች።

አስቀድሞ የተናገረው ሌላኛው ተወዳዳሪ ነው። እኛ "ክራቫት" እንለዋለን፤ በሐሩርም በብርድም ክራቫቱን አይፈታም። የሠላሳ አንድ ዓመት ሰው ነው፤ ከስድስት ዓመት በፊት ወደ ጣቢያው ሲመጣ ማጉያ መነጽሩን እንዴት እንደሚያጠራ ያሳየችው እትዬ ናት፤ ጣቱን ይዛ። ክፉ ልጅ አልነበረም። ስትገባ ብድግ ብሎ ወንበር ሳበላት፤ ዓይኗን ግን ማየት አልቻለም። ዲኑ፣ ማለትም ጉባኤውን የሚመራው ሰው፣ "ይቀጥሉ ዶክተር" እያለው ግማሽ ሰዓት ተናገረ፤ የተናገረውም ደህና ነበር። አዲስ ነገር አልነበረበትም።

ከዚያ የእሷ ተራ ደረሰ። የዶክትሬት ማዕረጓን ካገኘች አሥራ ሁለት ዓመት ሆኗታል፤ ዲኑ ግን "በይ ወይዘሪት፣ እስቲ እንስማሽ ልጄ" አላት። መጋረጃው ተዘጋ፣ እኔም ከኋላ በኩል ፋኖሱን አበራሁ። ሥርዓቱ እንዲህ ነው፤ ተናጋሪው በዘንጉ ወለሉን አንዴ ጠቅ ሲያደርግ ፋኖስ ያዡ ሰሌዳ ይቀይራል። ፋኖስ ያዥ አይናገርም፣ አያስልም፣ አይቀመጥም። ከናስ የተሠራው የፋኖሱ አካል ይፋጃል፤ ጣቶቼ ዛሬም ድረስ ምልክቱ አለባቸው።

እንደዚያ ቀን ስትናገር ሰምቻት አላውቅም። ዋግ ከእርሻ እርሻ ሲጓዝ ሌባን እንደሚከታተል ሰው እግር በእግር ተከተለችው። ጠቅ፣ ጠቅ እያደረገች ስትሄድ በጉባኤው የተቀመጡት ጢማሞችም ወደ ፊት ማዘንበል ጀመሩ። ከአሥራ አንዱ የጉባኤው አባላት አንዱ ማስታወሻ ሲጽፍ እርሳሱ ተሰበረበትና ከጎረቤቱ ተዋሰ። ዳር ላይ የተቀመጡት ትልቁ መምህር አገጫቸውን በምርኩዛቸው ላይ አስደግፈው ፈገግ ብለዋል። እንደምናሸንፍ ታወቀኝ።

አሥራ ስምንተኛዋ አለፈች። ጠቅ አደረገች።

የሳሯ ቅጠል ከነቀይ ነጠብጣቧ ግድግዳውን ሞላችው። ከሥሯ በጥቁሩ ጠርዝ ላይ፣ ክንድ በሚያህል ነጭ ፊደል፣ የትልቁ መምህር ስም ከነማዕረጋቸው ተጽፏል። እጄ ነው የጻፈው። ሃያ ዓመት የለመደ እጅ፣ ተጣድፎ፣ ባለቤቱን ሳይጠይቅ።

እሷ ፊቷን ወደ ጉባኤው አድርጋ ስለነበር ወዲያው አላየችውም፤ ንግግሯን ቀጠለች። ያወቀችው ሰዎቹ እርስ በርሳቸው መተያየት ሲጀምሩ ነው። ዲኑ እጁን አነሳና ይህ ሰሌዳ የማን እንደሆነ ጠየቃት። የእኔ ነው አለች። የሚታየው ስም ግን የፕሮፌሰር ነው ሲላት የጣቢያውን ሕግ አስረዳችው። ያኔ ከወዲያ ጥግ አንደኛው ጢማም፣ "ከሌሎቹ ላይ ፍቃ ይህችን ረስታት ይሆናላ" አለ። ሹክሹክታ አስመስሎ ነው ያለው፤ ሁሉም ሰማ።

እትዬ ወደ እኔ አንዴ ዘወር አለች። ሠራተኛው ተሳስቶ ነው ብትል መዳን ትችል ነበር፤ እኔን ግን ያን ዕለት ያባርሩኛል። አላለችም። ይልቅ ወደ ትልቁ መምህር ዞረች፤ ጉባኤውም ሁሉ ከእሷ ጋር ዞረ። ነገሩ ቀላል ነበር። ከእሳቸው የሚፈለገው አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው። ሥራው የእሷ ነው ቢሉ ያልቃል።

ትልቁ መምህር ተነሱ። መነጽራቸውን አውልቀው በመሐረብ ጠረጉት። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲከበሩ የኖሩ ሰው ናቸው፤ በዚያ ግድግዳ ላይም ለሥዕላቸው ቦታ ተለክቷል።

"አብረን ነው የሠራነው" አሉ በመጨረሻ። "እሷን አታስቀይሙብኝ። ቀኝ እጄ ናት። ያለ እሷ እኔ ምንም ነኝ።"

ከልባቸው ነው የተናገሩት፤ ድምጻቸውም ሻከር ብሎ ነበር። አዳራሹ ተንፈስ አለ። አንዳንዱ አጨበጨበላቸው። ዲኑም እየሳቀ፣ "እንግዲህ ቀኝ እጅን ከባለቤቱ አንነጥልም" አለ፤ ጢማሞቹ ሁሉ ሳቁ። ክፉ ሳቅ አልነበረም። ሠርግ ላይ የሚሳቅ ዓይነት ሳቅ ነበር፤ ለዚህ ነው ያመመኝ።

አምስት ሰሌዳ ይቀር ነበር። አምስቱንም አሳየቻቸው። ጠቅ ባደረገች ቁጥር ቀየርኩላት። ማንም ማስታወሻ አልያዘም።

መተላለፊያው ላይ አንድ ሰዓት ያህል ጠበቅን። ጸሐፊው ወጥቶ በታይፕ ከተመታ ወረቀት ላይ አነበበ፤ ወንበሩ ለክራቫት ተሰጥቷል፣ እሷ ደግሞ ስላበረከተችው ረጅም አገልግሎት ምስጋና ተችሯት "ከፍተኛ ረዳት" ተብላለች። ክራቫት መጥቶ እጇን በሁለት እጁ ያዘ። ምንም ነገር እንዳልተለወጠ፣ ሁሌም አስተማሪው እንደምትሆን ነገራት። እንኳን ደስ ያለህ አለችው። ስለ ማጉያ መነጽሩ አዲስ መብራትም አነሳችለት፤ ቶሎ ካልታዘዘ ዝናቡ እንደሚቀድማቸው አሳሰበችው።

በከሰዓቱ ባቡር ስንመለስ ትልቁ መምህር ሁለተኛ ማዕረግ እሳቸው ዘንድ እንድትቀመጥ ጋበዟት፤ እኔንም በሳጥኑ ምክንያት አስገቡኝ። ሦስታችን ብቻ ነበርን። ከተማውን ለቀን እርሻው መታየት ጀመረ። ስንዴው ገና አረንጓዴ ነበር።

"አዘንሽ" አሉ ትልቁ መምህር። "ልጄ፣ ወንበር እንጨት ነው። ሥራው እንደሆነ ያው የአንቺ ነው። ልጁም ያለ አንቺ አንድ እርምጃ አይራመድ።"

"አንድ ነገር ልጠይቅዎት?"

"ጠይቂ እንጂ።"

"ያችን ሳር መጀመሪያ ያገኘኋት የት ነው?"

ትልቁ መምህር አሰቡ። ማሰባቸውን አየሁ፤ ግንባራቸው ተሸበሸበ። "ወንዙ ዳር አይደለም እንዴ? ከወፍጮው በታች።"

"አይደለም" አለች። "እናቴ መቃብር ላይ ነው ያገኘኋት።"

እኔ ከጥንት የማውቀውን ያን ዕለት ለእሳቸው ነገረቻቸው፤ ቀስ ብላ፣ ትምህርት እንደምታስተምር። እናቷን በቀበረች በሦስተኛው ቀን ከወንድሟ ጋር ወደ መቃብሩ ሄዳለች። በጋ ነበር፤ አገሩ ሁሉ ደርቋል፤ በምድር ላይ ዋግ ሊኖርበት የሚችል አንድ ዘለላ ስንዴ የለም። ተንበርክካ ስታለቅስ ከአጥሩ ሥር የበቀለች ሳር ላይ ቀይ ነጠብጣብ አየች። እንባዋን ጠርጋ ጎንበስ አለች። ቅጠሏን ቀጥፋ በመሐረቧ ስትጠቀልል ወንድሟ አያት። የእናትሽ አፈር ሳይደርቅ ሳር ትለቅሚያለሽ አላት። ይኸው አሥራ አራት ዓመት ሞላው፤ አያናግራትም። ልጆቹ ሲዳሩም አልጠራትም።

"በሳምንቱ ጽሑፉን ጻፉ" አለች። "'አገኘን' ብለው። እኔም ምንም አላልኩም። ቀን ይመጣል ብዬ ነው።"

"አልነገርሽኝም እኮ" አሉ ትልቁ መምህር።

"አልጠየቁኝም።"

ከዚህ በኋላ ብዙ አልቆዩም። ፒፓቸውን ፈልገው፣ ጥቂት አየር ልውሰድ ብለው ወደ መተላለፊያው ወጡ። በመስታወቱ በር በኩል ጀርባቸው ይታየን ነበር። ትልቅ የሚመስሉኝ ሰውዬ ኮታቸው ሰፍቷቸዋል። ጠላኋቸው ብል ውሸት ነው። ከጎዳና አንስተው ሥራ የሰጡኝ እሳቸው ናቸው፤ ያጎረሰኝን እጅ ልነክስ አልችልም። አዳራሹ ውስጥ ሆኜም ለራሴ ያልኩት ይህንኑ ነበር።

ያኔ ነው የተናዘዝኩት። ሰሌዳዋን እንደሰበርኩ፣ ሌላ እንዳተምኩ፣ እጄ በልማድ እንደጻፈ፣ ስላፈርኩ እንደደበቅኳት ነገርኳት። እትዬ እግርዎ ላይ ልውደቅ አልኩ። ተው አለችኝ። ሰሌዳዋን ግድግዳው ላይ ስታይ ጠርዟ ከሌሎቹ ይልቅ ትኩስ ጥቁር መሆኑን አስተውላ ነገሩ ገብቷት ነበር። እጅ ይስታል አለችኝ፤ እሷም በሃያ አንድ ዓመት ውስጥ ስንት ናሙና ሰብራለች። እውነትም አልተቆጣችብኝም። ቀለለኝ። እንዲያውም መሳቅ ቃጣኝ።

ከዚያ ወደ መስኮቱ እያየች ጠየቀችኝ።

"ጋሼ፣ አንተ ግን ሳሯ ከየት እንደመጣች ታውቅ ነበር?"

"አውቃለሁ እንጂ እትዬ።"

እንዴት አላውቅም? ከመቃብሩ በተመለሰችበት ከሰዓት ጥቁር ልብሷን ሳትቀይር፣ ዓይኗ አብጦ፣ ጉልበቷ ላይ አፈር እንዳለ ወደ ጨለማ ክፍሌ የገባችው እኔ ዘንድ ነው። መሐረቡን ጠረጴዛዬ ላይ የፈታችው እኔ ፊት ነው። ፎቶውን ያነሳነው ሁለታችን ብቻ ነን። ቀኑን ጠርዙ ላይ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ትልቁ መምህር ያን ሳምንት በጣቢያው አልነበሩም።

"ታዲያ?" አለችኝ።

አዳራሹ ውስጥ ለምን እንዳልተናገርኩ እንደምትጠይቀኝ ገባኝ። መልሴ ሁሉ አፌ ውስጥ ነበር፤ ፋኖስ ያዥ አይናገርም፣ ልጆች አሉኝ፣ ውለታ አለብኝ። ያወጣሁት ግን ሌላውን ነው።

"እኔ ብናገር ማን ይሰማኛል ብዬ ነው እትዬ።"

ፊቷን ከመስኮቱ መለሰች። እንባ አልነበራትም።

"እኔ እሰማህ ነበር" አለችኝ።

ከዚያ በኋላ በአንድ ቤት አሥራ አንድ ዓመት አብረን ሠራን። ያችን ቀን አንድ ጊዜ እንኳ አላነሳችብኝም። ብታነሳብኝ ይሻለኝ ነበር።